በአሮጌ በር ላይ የተሠራችው ናዝሬት

ባለፈው ሚያዝያ ከገበያ ስመለስ ዝናብ ያዘኝና ከአንድ ጎሚስታ ቤት በረንዳ ሥር ተጠለልኩ። ከረጅም በጋ በኋላ የመጀመሪያው ጠብታ አቧራ ላይ ሲያርፍ የሚነሳውን ሽታ ሁሉም ሰው ይወደዋል፤ ያን ቀን ግን ከዚያ ሽታ ሥር የተቃጠለ የሞተር ዘይት ሽታ ተከትሎ መጣ። ጎረምሶቹ «እማማ፣ ወደ ውስጥ ይግቡ እንጂ፣ ይመታዎታል» እያሉኝ እኔ አልሰማቸውም ነበር፤ አርባ ምናምን ዓመት ወደ ኋላ ተመልሼ፣ በአባቴ ጋራዥ ደጃፍ ቦዩ ዳር ቁጢጥ ብዬ፣ ውሃው ላይ ቀስተ ደመና እየሠራ ቁልቁል የሚወርደውን ዘይት አፌን ከፍቼ የምመለከት የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ሆኜ ነበር።

አባቴ ታፈሰ መካኒክ ነበር። በወጣትነቱ ከቡልጋ ወጥቶ፣ ሙያውን ከአንድ ሽማግሌ ጣሊያን ተምሮ፣ በናዝሬት ዳገታማ ሰፈር ቦታ ይዞ፣ ግማሹን ግቢ ቤት ግማሹን ጋራዥ አድርጎ እኔንና ታላቅ ወንድሜን እዚያው አሳደገን። ከአሰብ የሚመለሱ ከባድ መኪኖች ከነተሳቢያቸው በራችን ላይ ይቆሙ ነበር፤ ከመቂ ሽንኩርትና ቲማቲም ጭነው ወደ ከተማችን ገበያ የሚመጡትም ካምቢዮ ሲያስቸግራቸው ወደ እሱ ነበር የሚመጡት። ንግግር አያበዛም። የታመመ ሞተር ሲመጣለት ዓይኑን ጨፍኖ ድምፁን ያዳምጥና «ክፈቱት» ብቻ ይል ነበር። ጊዜው የደርግ ጊዜ ነበር፤ ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ከሄደ ወዲህ እናቴ የቀበሌ ሰው በበራችን ባለፈ ቁጥር የያዘችውን ነገር አስቀምጣ እጇን ደረቷ ላይ ታደርግ ነበር፤ አባቴ ግን ያው ከመኪና ሥር ገብቶ ይሠራ ነበር።

በበጋ የናዝሬት ነፋስ አቧራውን እንደ እንዝርት እያሾረ ከዳገቱ ወደ ሜዳው ያወርደው ነበር። ደጃችን የነበረው ቦይ በዚያ ወራት ደረቅ ነው፤ እናቴ የልብስ እጣቢ ትደፋበታለች፣ ጎረቤታችን አመድ ያፈስበታል፣ የጋሪ ፈረሶች ፋንድያ በየዳሩ ይከመራል፣ አባቴም ዘይት ሲቀይር አሮጌውን በቆርቆሮ ተቀብሎ እዚያው ይገለብጠው ነበር። «ክረምት ሲገባ ውሃ ይወስደዋል» ይባል ነበር በሰፈራችን፤ ደግሞም ይወስደው ነበር። ሐምሌ ሲገባ ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ ቦዩን አጥቦት ሲሄድ፣ ደጃችን እንደ ተጠረገ ምንጣፍ ሲሆን እኛ ልጆቹ እልል እንል ነበር። የት እንደሚወስደው የጠየቀ ሰው ግን አላስታውስም፤ ክፋት አልነበረም፣ ጥያቄው ራሱ ወደ ማንም አልመጣም ነበር።

ጥያቄውን ያመጣው መምህር ገመቹ ነው። ስድስተኛ ክፍል በገባሁበት መስከረም አዲስ የሳይንስ አስተማሪ መጣልን ተብሎ ስንጠብቅ፣ ቀጭን፣ ረዥም፣ የኮቱ እጅጌ ክንዱ ላይ የቀረ ወጣት ገባ። የመቂ ገበሬ ልጅ ነበር፣ አማርኛውን ሲናገር ቃላቱን አንድ በአንድ እንደ እህል የሚለቅም ይመስል ነበር። ትምህርት ቤታችን ውስጥ «የሳይንስ ክፍል» የሚል ጽሑፍ በሩ ላይ የተለጠፈበት አንድ ክፍል ነበር፤ ገመቹ ቁልፉን ለምኖ ሲከፍተው ውስጡ የተሰበሩ ወንበሮችና የእንቁራሪት ሥዕል ብቻ ተገኘ። ሥዕሏን አቧራዋን ጠርጎ ሰቀላትና ወደ ክፍላችን ተመለሰ።

አንድ ቀን ከመጽሐፉ ላይ «ተፋሰስ» የሚለውን ቃል ሰሌዳ ላይ ጻፈ። ከፍ ካለ ቦታ የሚወርድ ውሃ ሁሉ ተሰብስቦ ወደ አንድ ዝቅተኛ ስፍራ የሚፈስበት የመሬት ክልል ማለት ነው ሲል፣ ከኋላ አንዱ «የስንዱ አባት!» ብሎ ጮኸና ክፍሉ በሳቅ ተሞላ፤ ተፋሰስና ታፈሰ ለልጅ ጆሮ አንድ ነበሩ። እኔም ሳቅሁ። ገመቹ ሳቁ እስኪበርድ ጠብቆ ወደ እኔ ዞረ።

«ስንዱ፣ ዛሬ ጠዋት እናትሽ የደፋችው ውሃ አሁን የት ነው ያለው?»

«ጠፋ፣ ቲቸር።»

«ወዴት ሄዶ ነው የጠፋው?»

ከጎኔ ወደምትቀመጠው ጓደኛዬ ወደ ዘይነባ ዞርኩ። የእሷ ቤት ከእኛ ሰፈር ቁልቁል፣ የከተማው ዝቅተኛው ቦታ ላይ ነበር፤ እናቷ እትዬ ሐሊማ የክረምቱን ጎርፍ ጓሯቸው በተቆፈረ ኩሬ እያጠራቀመች ጎመንና ቃሪያ ታለማ ነበር። እኔና ዘይነባ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ባንድ ወንበር ተቀምጠናል፣ አንድ እርሳስ ሰብረን ተካፍለናል፤ ያን ጊዜ ግን የደጃችን ቦይና የጓሯቸው ኩሬ እንደሚተዋወቁ ሁለታችንም አናውቅም ነበር።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳህን በጠራበት ወር፣ ገመቹ አንድ ቅዳሜ ተራራው ላይ አወጣን። ከላይ ቁልቁል ስናይ ናዝሬት ዙሪያዋን በኮረብታ ተከባ እንደ ወጭት ሆና ታየችን፤ ሁሉም ልጅ ቤቱን በጣቱ ሊያሳይ ይሻማ ነበር። ዘይነባ ከታች አንዲት አረንጓዴ ነጥብ አሳየችኝ። «ያ የእማዬ ጎመን ነው» አለች ኮራ ብላ፤ በዚያ ሁሉ አቧራ መካከል ሌላ አረንጓዴ ነገር አልነበረም።

ከሰኞ ጀምሮ ያየነውን መሥራት ጀመርን። ተነቅሎ የተጣለ የመጸዳጃ ቤት በር ግቢው ጥግ ላይ አራት ድንጋይ ላይ አጋደምነው፣ የማዳበሪያ ከረጢት ላስቲክ አለበስነው፣ ከዚያ አፈርና ጭቃ እየተሸከምን ኮረብታዎቹን ቆለልን፣ ቦዮቹን በማንኪያ ጫፍ ቀደድን። ቤቶቹ የክብሪት ቀፎ ነበሩ። እኔ የአባቴን ጋራዥ ሠርቼ ጣሪያውን በሲጋራ ብርማ ወረቀት ከደንኩት፤ ዘይነባ ከዝቅተኛው ጥግ ቤታቸውን አስቀምጣ፣ በእንቁላል ቅርፊት ኩሬ ሠርታ፣ ዙሪያውን የጤና አዳም ቅጠል ተከለች። አንድ ልጅ ደግሞ የቀበሌውን ጽሕፈት ቤት ሠርቶ፣ እንዳይቀርበት ብሎ ከጀርባው ያለውን የቆሻሻ ክምር በከሰል ዱቄት ጨመረበት። ማንም በክፋት አላየውም፤ ክምሩ እዚያ ስለነበር ነው።

መጋቢት ላይ፣ ደመና መሰብሰብ ሲጀምር፣ ገመቹ «ነገ ዝናብ እናዘንባለን» አለ። «እያንዳንዳችሁ ከየቤታችሁ ወደ ቦይ የሚጣለውን ነገር ትንሽ ትንሽ ይዛችሁ ኑ።» እኔ ከአባቴ ቆርቆሮ በፔኒሲሊን ብልቃጥ ዘይት ቀድቼ ይዤ ሄድኩ። ከሁሉም የእኔ የበለጠ ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ስለነበር እንደ ሽልማት ከፍ አድርጌ ነበር የያዝኩት። ሌሎቹ አመድ፣ የሳሙና ውሃ፣ የዶሮ ላባ አምጥተው ነበር። ሁሉም በየደጁ አፈሰሰ። ገመቹ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ቂጡን በሚስማር በሳስቶ አዘጋጅቶ ነበር፤ ውሃ ሞልቶ ከኮረብታው ጫፍ ላይ ከፍ ሲያደርገው፣ ያቺ ትንሽ ናዝሬት ላይ የእውነት የመሰለ ዝናብ ወረደ።

በመጀመሪያ ሁላችንም ጮህን፣ ዘለልን። አመዱ ጨሰ፣ ላባው ተንሳፈፈ፣ ከቀበሌው ጀርባ የከሰሉ ዱቄት ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ወደ ትምህርት ቤታችን በር ወረደ። የእኔ ዘይት ግን ከሁሉም ፈጠነ። በቦዩ ተሳበ፣ ጥግ ላይ ዞረ፣ ከሌላው ቦይ ጋር ተገናኘ፣ ከዚያ ቁልቁል ወርዶ የእንቁላል ቅርፊቷን ሞላትና የጤና አዳሙን ቅጠሎች አንድ በአንድ በጥቁር ለቀለቃቸው። ጩኸቱ ቀስ እያለ ቆመ። ዘይነባ ጎንበስ ብላ አንዷን ቅጠል በጣቷ ነካች፣ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችና ወደ እኔ ሳይሆን ወደ አስተማሪው ቀና አለች።

«ቲቸር፣ ሰው የእማዬን ጎመን ናፍጣ ናፍጣ ይላል እያለ የሚመልሰው ለዚህ ነው እንዴ?»

ሠላሳ ልጅ ወደ እኔ ዞረ። ብልቃጧን ቀሚሴ ውስጥ ደበቅኋት። ገመቹ ቆርቆሮውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። «ስንዱን አትዩአት» አለ። «እሷ እውነተኛውን ነገር ስላመጣች ነው ያየነው። እዚህ ላይ ምንም ያልደፋ ቤት አለ? የእኔ ኪራይ ቤት የት ነው? ይኸው፣ የሳሙናው ውሃ ውስጥ ነኝ።» ልጆቹ ዓይናቸውን መለሱ፤ ዘይነባ ግን ያን ቀን ከትምህርት ቤት ስንወጣ አልጠበቀችኝም፤ በማግስቱም ከወንበሩ ሌላ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ መሐላችን ሌላ ልጅ የሚያስቀምጥ ክፍት ቦታ ተፈጠረ።

ለእናቴ ነገርኳት። ምስር እየለቀመች ሳለ ሰምታኝ፣ ሰፌዱን ጭኗ ላይ አሳረፈች። «ለአባትሽ አንድም ቃል እንዳትተነፍሺ» አለችኝ። «ሰው በልጁ አንደበት አይወቀስም። ደግሞ ጋራዡ የቆመው በቀበሌ ወረቀት ነው፤ ነገር ከተነሣ የት ይገባል?» ቃሏን ጠበቅሁ። አባቴ ዘይት በቀየረ ቁጥር ግን ጓዳ እገባ ነበር፣ ቦዩ ላይ ሲገለብጠው የሚያሰማውን ድምፅ ላለመስማት።

ነገሩ በሌላ በር መጣ። የቀበሌው ቆሻሻ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ወረደ የሚለው የከሰሉ ዱቄት ወሬ ቀበሌ ደርሶ ነበር። በአንድ ሐሙስ ከሰዓት ሊቀመንበሩ ካኪ ልብሱን ለብሶ ጋራዣችን ገባ፤ እናቴ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ በር ላይ ቆመች። አባቴ ከመኪና ሥር ወጥቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሰላምታ ሰጠው።

«ጓድ ታፈሰ፣ የምነግርዎት ነገር ለእርስዎም ለቤተ ሰብዎም ክብር ነው» አለ ሊቀመንበሩ። «ያ ገመቹ የሚሉት አስተማሪ የከተማውን ካርታ ሠርቶ፣ ልጆቹን የየቤታቸውን ገመና እያስወጣ አብዮቱን ያንኳስሳል። የእርስዎንም ልጅ በተማሪ ፊት አዋርዷታል። ወላጆች እየፈረሙ ነው፣ እርስዎም ይፈርሙ።» ወረቀቱን ሞተሩ ላይ ዘረጋ።

አባቴ ወረቀቱን አላየም፣ እኔን አየኝ። «እውነት ነው ስንዱ? አዋረደሽ?»

እናቴ ዓይኗን ጨፈነች። «አላዋረደኝም፣ አባባ። ዘይቱን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ከእኛ ደጅ ወርዶ የእነ ዘይነባ ጎመን ላይ ደረሰ። ሁላችንም አየነው።»

አባቴ ወረቀቱን ዘይት እንዳይነካው በጣቶቹ ጫፍ አንሥቶ ለሊቀመንበሩ መለሰለት። «ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔ ሞተሩን ሳልከፍት ብልሽቱ ይኸ ነው ብዬ አላውቅም» አለ። «ልየውና እነግርዎታለሁ።»

በማግስቱ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ትምህርት ቤት መጣ። አባት ወደ ትምህርት ቤት የሚመጣው ልጅ ሲያጠፋ ብቻ ስለነበር ልጆቹ ሁሉ በመስኮት ተንጠለጠሉ። ገመቹ ፊቱ ገረጣ፣ «ጋሽ ታፈሰ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎት ነበር» ብሎ ጀመረ፤ አባቴ ግን «ይቆዩ መምህር፣ መጀመሪያ ያዝንቡልኝ» አለና ትንሿ ናዝሬት ካለችበት በር አጠገብ ተንበረከከ። ገመቹ እኔ ከኪሴ ያወጣሁትን ብልቃጥ ተቀብሎ የቀረችውን ጠብታ ከክብሪት ቀፎው ጋራዥ ደጅ አፈሰሰና ዝናቡን አወረደ። አባቴ ሞተር እንደሚያዳምጥ ሆኖ ተመለከተ።

«እዚህ ጋ ተሳስታችኋል» አለ በመጨረሻ። «ውሃው በዚህ አይዞርም። ክረምት ክረምት በወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነው የሚያቋርጠው፣ ስንት መኪና ከዚያ ጎትቻለሁ።» ገመቹ ፊቱ በራ፤ ጭቃ ሰጠው። አባቴ በዚያ ሻካራ ጣቱ የተሳሳተውን ቦይ ደፍኖ አዲሱን ቀደደና «አሁን ይድገሙት» አለ። ተደገመ። ዘይቱ በአዲሱ ቦይ በአቋራጭ ሄዶ፣ ከበፊቱ በግማሽ ጊዜ እንቁላል ቅርፊቷ ውስጥ ገባ።

አባቴ ከተንበረከከበት አልተነሣም። ለሦስተኛ ጊዜ እንዲደገም ጠየቀ፣ ተደገመ፣ ያው ሆነ። «እኔ ውሃ ይወስደዋል ስል ነው የኖርኩት» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ለካ አይወስደውም፤ ያደርሰዋል እንጂ።»

ወደ ቤት የምንመለስ መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን እጄን ይዞ ቁልቁል ወረደ። እነ ዘይነባ በር ላይ ስንደርስ ቆቡን አውልቆ ቆመ። እትዬ ሐሊማ የአርሲ ሰው፣ ጠንካራ፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ አራት ልጆች በዚያች ጓሮ ያሳደገች ሴት ነበረች። አባቴ ከሾፌሮች በለመዳት ኦሮምኛ «አካም ኦልተን» ብሎ ሰላም አላት፣ እሷም «ነጋ» ብላ ደህንነቷን መለሰችለት፣ በጥርጣሬ እያየችን። ከዚያ በአማርኛ ነገራት። አላሳመረውም፣ አላሳጠረውም፤ ዘይቱ የእሱ መሆኑን፣ ስንት ዓመት እንደደፋ፣ ወዴት እንደሚሄድ አስቦ እንደማያውቅ ነገራት። ዘይነባ ከእናቷ ጀርባ ሆና ታዳምጥ ነበር።

እትዬ ሐሊማ ወዲያው ይቅር አላለችም። «ሦስት ክረምት» አለች። «ሦስት ክረምት አላህን ስጠይቅ ነበር፣ ምን በድዬህ ነው እያልኩ። ማሳዬን ምን ነካብኝ እያልኩ። ጎረቤቶቼን በቡዳ ጠረጠርኩ፣ ጋሽ ታፈሰ። ከእህቴ ጋር ተጣላሁ።»

አባቴ ቆቡን በሁለት እጁ እያጠማዘዘ ቆመ፤ አባቴን እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም ነበርና ማልቀስ ጀመርኩ። ያኔ እትዬ ሐሊማ በሩን ሰፋ አድርጋ ከፈተችው። «ግቡ፣ በር ላይ አይቆምም» አለች። እሱም «ከመቀመጤ በፊት ኩሬውን ያሳዩኝ» አላት።

የኩሬው ወለል አንድ ክንድ ጥቁር ዝቃጭ ተኝቶበት ነበር። ከዚያ እሑድ ጀምሮ አባቴ ከቀበሌ ስብሰባ እንደወጣ አካፋውን ተሸክሞ ይወርድ ጀመር። ዝቃጩን ቆፍሮ አወጣ፣ ከኩሬው በላይ ውሃው ተኝቶ የሚጠራበት ሌላ ትንሽ ጉድጓድ ቆፈረ፣ ወለሉን በጠጠር ሞላ። የወጣውን ጭቃ እኛ ልጆች በባልዲ እናመላልስ ነበር። ሁለተኛው እሑድ ላይ ዘይነባ አንዱን ባልዲ ይዛ መጥታ እጀታውን ወደ እኔ ዘረጋች፣ «ያዢ» አለችኝ። ያዝኩ። ከዚያ ወዲያ ባልዲውን በሁለት ወገን ይዘን ነበር የምንሄደው። ጋራዣችን ውስጥም ሁለት በርሜል ቆመ፤ አሮጌው ዘይት ከዚያ በኋላ ወደ ቦይ አልወረደም፤ አናጢዎች ምስጥ እንዳይበላው እንጨት ሊቀቡበት ይወስዱት ነበር።

ይህ ሁሉ ሲሆን ወረቀቱ ሳይፈረም ቀርቷል ማለት አይደለም፤ ሌሎች ፈርመው ነበር። አባቴ ለሊቀመንበሩ «አየሁት፣ ልክ ነው፣ አልፈርምም» ብሎ ነገረው። በሳምንቱ ጋራዡ «ለማጣራት» ተብሎ ታሸገና እሱ በየጠዋቱ ቀበሌ እየሄደ እስከ ማታ አግዳሚ ወንበር ላይ እንዲቀመጥ ተደረገ። ሁለት ሳምንት ተቀመጠ። ምሳ የምናደርስለት እኔና እናቴ ነበርን። እናቴ በመጀመሪያው ቀን ተናዳበት ነበር፣ «አንተ ሰውዬ፣ ውትድርና የሄደው ልጃችን በእነሱ እጅ መሆኑን ረሳኸው?» ብላ አለቀሰች፤ በሦስተኛው ቀን ግን የምሳ ዕቃውን ስታቀብለው ነጠላዋን አስተካክላ፣ ሊቀመንበሩን ቀና ብላ አይታ ስታልፍ አየኋት፣ እጇም ደረቷ ላይ አልነበረም። ከዚያ እሽጉ ተነሣ፣ ምን እንደተጣራ የነገረን የለም።

ገመቹ ግን አልተረፈም። ግንቦት ላይ፣ ፈተና ሳንፈተን፣ አርሲ ነገሌ አጠገብ ወዳለ የገጠር ትምህርት ቤት እንዲዛወር ደብዳቤ መጣ። ለበዓል ግቢ ይጸዳ ተብሎ ያች ትንሽ ናዝሬት ፈረሰች፤ በሩን ዘበኛው ለማገዶ ፈለጠው። አባቴ ወደ መቂ ባዶውን የሚመለስ የሽንኩርት መኪና ሾፌር ለምኖ፣ ገመቹን ከነፍራሹና ከነመጻሕፍቱ ጋቢና አስቀመጠው። መኪናው ሊነሣ ሲል በመስኮት ጠራኝ።

«ስንዱ፣ ያቺን ብልቃጥ ባታመጪ ኖሮ እኔ ስለ ውሃ አወራ ነበር እንጂ አላስተምርም ነበር» አለኝ።

«ግን በእኔ ምክንያት ነው የተባረሩት፣ ቲቸር።»

«በከሰሉ ምክንያት ነው» ብሎ ሳቀ፤ ዓይኖቹ ግን አልሳቁም። አባቴ የጋቢናውን በር በመዳፉ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገ፣ መኪናውም ሄደ።

ሐምሌ ገባ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ተራራው ጠቆረና፣ የመጀመሪያው ትልቅ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ አባቴ የያዘውን መፍቻ ጥሎ ዣንጥላ እንኳ ሳይይዝ ቁልቁል ሮጠ፤ እኔም ተከተልኩት። እትዬ ሐሊማ ጆንያ ተከናንባ ከኩሬው ዳር ቆማ ነበር፣ ዘይነባም ከጎኗ። አራታችን ቦዩን እያየን ጠበቅን። ውሃው መጣ፤ ቀይ፣ ወፍራም፣ ገለባና ፋንድያ ተሸክሞ እየጮኸ መጣ፣ አባቴ የቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ዞረ፣ ከዚያ ሞልቶ ወደ ኩሬው አለፈ። እትዬ ሐሊማ ጎንበስ ብላ በጣሳ ቀዳች፣ አሸተተች፣ ለአባቴ አቀበለችው። አባቴም አሸተተ።

«ጭቃ ነው» አለ፣ እንዳይሳሳት የፈራ ይመስል።

«ጭቃ ብቻ» አለች እሷ፣ ሳቀችም፤ ዝናቡ በፊቷ ላይ እየወረደ፣ እኔ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር።

ጓሮው ወዲያው አልዳነም። ከቦዩ አጠገብ ያለው ጥግ ሁለት ዓመት ሙሉ ምንም አላበቀለም፤ እትዬ ሐሊማም አልፎ አልፎ ሲከፋት «የታፈሰ እርሻ» ትለው ነበር፣ አባቴ እየሰማ። ወንድሜ አንድ እግሩን እያነከሰ ከጦርነቱ ተመለሰልን። ስለ ገመቹ ብዙ ዓመት ምንም አልሰማሁም፤ አንዲት የአርሲ ነገሌ እህል ነጋዴ ግን፣ ሰፈሯ በነበረ ትምህርት ቤት አንድ ረዥም አስተማሪ ልጆቹን ዐውድማ ላይ ሰብስቦ የጭቃ ተራራ እየሠራ ውሃ ያፈስ እንደነበር አጫውታኛለች። ስሙን ጠየቅኋት፣ አላወቀችውም።

አሁን አባቴም እትዬ ሐሊማም የሉም። እኔ ባል አግብቼ የምኖረው ያኔ ናዝሬት ትባል በነበረችው በአዳማ ዝቅተኛው ሰፈር፣ ከዘይነባ ቤት ሁለት ቅያስ አለፍ ብሎ ነው። መንገዱ ኮብልስቶን ተነጥፎበታል፣ ቦዩ በሲሚንቶ ተሠርቶ ከላዩ ተከድኗል፤ ንጹሕ ነው፣ በውስጡ ምን እንደሚያልፍ ግን ማንም አያይም። ያኔ ከዳገቱ በላይ ያሉትን ቤቶች ሁሉ ከነባለቤታቸው ስም እናውቃቸው ነበር፤ ዛሬ ከላያችን ፎቅ በፎቅ ላይ ተደርድሯል፣ ማን እንደሚኖርበት አላውቅም፣ እነሱም ከታች ማን እንዳለ አያውቁም። ባለፈው ክረምት ጎርፉ ክዳኑን ገፍቶ ወጣና ግቢዬ ገባ፤ የላስቲክ ጠርሙስ፣ ቀለም፣ ምኑም ምኑም ነበረበት፣ የተከልኩትንም ጎመን በላው። ዘይነባ መጥታ አብራኝ ጠረገች። ከሄደች በኋላ መጥረጊያዬን እንደያዝኩ በሬን ከፍቼ ወጣሁና፣ ቆቡን አውልቆ «የእኔ ነው» የሚል ሰው ቁልቁል ይመጣ እንደሆነ ዳገቱን እያየሁ ጥቂት ቆምኩ።